333 ሚሊሰከንድ፦ የካምፓላ ማስታወሻ

የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሁዳዴ ገብቷል። በጾም ዘፈን አልጫወትም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ጣት ግን 55 ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ መክረም የለበትምና ከሥራ እንደተመለስኩ ጊታሬን አንስቼ ቅኝት እሠራለሁ፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የምኖርባት ካንሳንጋ በዚህ ሰዓት ጫጫታ አያጣትም። የጋባ መንገድ ታክሲዎች ጥሩምባ፣ የቦዳዎቹ ሞተር፣ ማዶ ካለው ሱቅ የሚወጣው ሙዚቃ ሁሉ በመስኮት ይገባል። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ፀጥ ይልና የግቢው ግድግዳ ስስነት ይታወቃል፤ ጎረቤቴ ስትስል ይሰማኛል። ስለዚህ የምጫወተው ሁልጊዜ ሰው ሲያወራ ከሚወጣው ድምፅ ባልበለጠ ነው።

ዘንድሮ የኮረስና የዲሌይ ፔዳል ለየብቻ ልገዛ ወስኛለሁ። አምፔ በባትሪም የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሁለቱም ኢፌክቶች በውስጧ አሉ። ለጀማሪ ይበቃሉ። ችግሩ ዲሌዩ ላይ ነው፤ ማሚቶው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚመለስ እንጂ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚመለስ መወሰን አልችልም። እኛ የምንጫወተው ሙዚቃ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጆሮዬን የቀረፁት አባቴ ያጠራቀማቸው የሮሃ ባንድ ካሴቶች ናቸው። ሮሃ ከመባሉ በፊት ኢቤክስ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው ይኸው ባንድ ነው፤ በጊታር ሰላም ስዩም፣ በቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። የሰላም ጊታር ዘፋኙን አይጋፋም። ቃሉ አልቆ ትንፋሽ በሚወሰድባት ክፍተት ገብቶ ይመልስና ይወጣል። ያን አጨዋወት ብቻዬን ቤት ውስጥ ስሞክረው ክፍተቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከኋላ ኦርጋን የለ፣ ከበሮ የለ። ከሁለቱ ፔዳሎች የምፈልገው ያንን ባዶ ቦታ ዜማውን ሳያበላሹ እንዲሞሉልኝ ነው።


የካቲት 28፣ ዓርብ

ካባላጋላ ጋሼ ምግብ ቤት ሽሮ በላሁ። ጋሼ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይመታ ነበር፤ አሁን ምጣድና ደንበኛ ሲያስተዳድር ይውላል፤ ሙዚቃ ሲነሳለት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

«ኮረስ ልገዛ ነው ጋሼ፤ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» አልኩት።

«ልጄ፣ ኮረስ ማለት እኮ ሁለት ሰው አንድ ዜማ ሲመታ ማለት ነው። ሁለት ሰው መቼም እኩል አይመታም፤ አንዱ ትንሽ ይቀድማል፣ አንዱ ትንሽ ይዘገያል፣ ክራቸውም ልክ አንድ ዓይነት አይቃኝም። ድምፁን የሚያሰፋው እሱ ነው። አብዝተሽ ካዞርሽው ግን የሰከረ ሰው ይጨመርበታል!»

ከዚህ የተሻለ አገላለጽ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም። ፔዳሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱን እንዳለ ያሳልፋል፣ ሌላውን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል። መዘግየቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይረዝማል፣ ያጥራል። ሲረዝም የተቀዳው ድምፅ በትንሹ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። ሁለቱ ሲገናኙ ያ የሚንሳፈፍ ድምፅ ይወጣል።

ነገሩን ለገበያ ያበቃችው ጃፓን ናት። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሲ-120 የተባለውን «ጃዝ ኮረስ» አምፕ አወጣ፤ ሁለት ስፒከር አለው፣ በአንዱ ንጹሑ ድምፅ፣ በሌላው የሚወዛወዘው ይወጣል፤ የሚቀላቀሉት ክፍሉ ውስጥ አየር ላይ ነው። በዓመቱ ያንኑ አሠራር ለብቻው ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሲኢ-1 ብሎ ሸጠው፤ ቦስ በሚለው ስም የወጣ የመጀመሪያው ፔዳል እሱ ነው። ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያላት ትንሿ ሰማያዊ ሲኢ-2 በ1979 ተከተለች። ጋሼ ጄሲ-120ን በደንብ ያውቀዋል። ጊታሪስታቸው ያ አምፕ ያለበት ሆቴል ሲገባ ፔዳሉን ከቦርሳ አያወጣም ነበር አለኝ።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ከተማ ወረድኩ። በቦዳ እስከ አሮጌው ታክሲ ፓርክ፣ ከዚያ በእግር። የካምፓላ የሙዚቃ ዕቃ ሱቆች በአብዛኛው የሚኖሩት ከአብያተ ክርስቲያናት በሚያገኙት ገበያ ነው፤ መደርደሪያው በኪቦርድ፣ በሚክሰር፣ በማይክሮፎንና በትልልቅ ስፒከር የተሞላ ነው። የጊታር ፔዳል ከመስታወቱ ሥር አንድ ጥግ ይዞ ይገኛል፤ ብዙ ኢፌክት በአንድ ሳጥን የያዙ ማሽኖችና የመዳፍ ግማሽ የሚያክሉ የቻይና ፔዳሎች። አንድ ዶላር ከ3,600 ሺሊንግ በላይ በሚመነዘርበት ገበያ የ150 ዶላር ፔዳል ግማሽ ሚሊዮን ሺሊንግ ያልፋል። ትንንሾቹ የዚያን ሲሶ ያህል ናቸው።

ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። «ኛቦ (እመቤት)፣ ልክፈትልሽ» ብሎ አምፑን እስከ ግማሽ ከፍ አደረገው። ዝቅ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት፤ በደንብ ዝቅ። ፔዳል ለቤት የሚመርጥ ሰው ቤቱ በሚጫወትበት ድምፅ መሞከር አለበት። ጆሮ ድምፅ ሲያንስ ወፍራሙንና ቀጭኑን ዳርቻ አሳንሶ፣ መካከለኛውን አጉልቶ ይሰማል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1933 የፍሌቸርና የመንሰን ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በጩኸት ሲሰማ የሚያብረቀርቅ ኮረስ ቤት ሲገባ ደብዛው ሊጠፋ ይችላል፤ ጭራሽ የማይታወቅ የነበረው የሽሽታ ድምፅ ደግሞ በሌሊት ፀጥታ ይጎላል።

ሦስት ነገር እያዳመጥኩ ቆየሁ። ፔዳሉ ሲረገጥ «ጧ» ይላል ወይ? ምንም ሳልመታ ክሩን በመዳፌ ስይዝ የኮረሱ ውዝዋዜ ከሽሽታው ጋር ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል ወይ? ከሁሉም በላይ፣ ጥልቀቱን እስከ ሩብ ብቻ ሳዞር የሚታወቅ ለውጥ አለ ወይ? ብዙ ርካሽ ኮረሶች እስከ ግማሽ ድረስ ምንም አያደርጉም፤ ከግማሽ ሲያልፉ በአንዴ ያጥለቀልቃሉ። ለቤት የሚሆነው ሥራው ሁሉ በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ያለቀ ፔዳል ነው።

በሲኢ-2 አሠራር የተሠራ፣ ባለ ሁለት ማዞሪያ፣ ቀለሙ ጠርዝ ላይ የተላጠ አንድ ያገለገለ ፔዳል ይዤ ተመለስኩ። አምስትና ስድስት ማዞሪያ ያላቸው ነበሩ። አላጓጉኝም። ኮረስ ላይ ፍጥነትና ጥልቀት ካሉ ሌላው ትርፍ ነው።


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ኮረሱን በየቅኝቱ ፈተሽኩት፤ ይህን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ተጽፎ ያገኘሁበት ቦታ የለምና።

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በዚህ ቅኝት ውስጥ አንድም የግማሽ ቶን ርቀት የለም። ኮረሱን እስከ ግማሽ ጥልቀት ብወስደው ዜማው አይጎዳም፤ እንዲያውም ጊታር በብረቱ ፍሬት ከልክ በላይ የሚያደርቀውን ሚን ያለሰልሰዋል። መሲንቆ ላይ ያቺ ድምፅ በጣት ግፊት ትንሽ ትወጣለች፣ ትንሽ ትወርዳለች፤ በፍሬት የታሰረ ጊታር ይህን አይችልም። ዝግ ያለ ኮረስ ያንን እስራት በመጠኑ ይፈታዋል።

አንቺሆዬ ግን ሌላ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ዶና ሬ ፍላት በግማሽ ቶን ይነካካሉ፤ ፋና ሶል ፍላትም እንዲሁ። የቅኝቱ ኃይል በሙሉ ያለው በእነዚህ ጥንዶች መሳሳብ ነው። ጥልቀቱን ከፍ ሳደርግ አንደኛው ድምፅ ሲወፍር፣ ሌላው ሲቀጥን ድንበራቸው ይደፈርሳል፤ ሰሚው አንቺሆዬ መሆኑን ሳይለይ ዜማው ያልፋል። መድኃኒቱ ጥልቀቱን ወደ ሩብ ዝቅ፣ ፍጥነቱን በጣም ዝግ ማድረግ ነው። አምባሰልም ሁለት የግማሽ ቶን ጥንድ ስላለው በዚሁ ልክ ይያዛል። ባቲ ሜጀር ደግሞ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ ሲሄድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባቲ ማይነር ግማሽ ቶን ስለሌለው እንደ ትዝታ ሜጀር ነፃ ነው።

የበገና ዜማም ሞከርኩ፤ ጾም አይደል። በኮረስ በገና ይመጣል የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ አልስማማም። የበገና ንዝረት የሚመጣው ከእንዚራው ነው፤ በአሥሩ አውታርና በብርኩማው መሃል የምትገባዋ ቁራጭ ጠፍር አውታሩን በየምቱ ስለምትነካው። ያ የመንካት ድምፅ ነው፤ ኮረስ ደግሞ የመወዛወዝ ድምፅ ነው። በገና ለመምሰል ከመድከም ዜማውን ያለ ምንም ኢፌክት፣ በአውራ ጣት፣ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ መጫወት ይሻላል።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ከሌሊት ጀምሮ የጣለው ዝናብ ከተማዋን አጥለቀለቃት። መንገዶች በጎርፍ ተዘግተው ሥራ አልሄድኩም፤ ሰውም ሞቷል ይባላል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

ስለ ኤሌክትሪክ የምጽፍበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው። ኡጋንዳ 240 ቮልት ናት፤ ሶኬቷ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ አለው። ከአዲስ አበባ በሁለት ክብ ጥርስ የመጣ አዳፕተር ማቀያየሪያ ይፈልጋል። ፔዳሎቹ ራሳቸው 9 ቮልት ይበቃቸዋል፤ ዋናው ጥንቃቄ የጫፉ ዋልታ ነው። የጊታር ፔዳል በአብዛኛው መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ጫፍ ይፈልጋል፤ የዋይፋይ ሳጥን አዳፕተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ መሰካት ፔዳል ያቃጥላል። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ በክብና በግማሽ ክብ የተሳለች ምልክት አለች፤ እሷን ሳያዩ መሰካት የለም።

እነዚያ የመዳፍ ግማሽ የሚያክሉት ፔዳሎች የባትሪ ቦታ የላቸውም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔ የስልክ ፓወር ባንክ 5 ቮልት ወደ 9 ከፍ የሚያደርግ ኬብል አለኝ፤ በእሱ ኮረሱን፣ በባትሪ ደግሞ አምፑን አስነስቼ በሻማ ብርሃን ተጫወትኩ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከግድግዳ ሲሠራ የነበረው ጥዝታ በፓወር ባንክ የለም፤ ድምፁ ጥርት ብሏል።


መጋቢት 21፣ እሑድ

የጎረቤቴ ልጅ ከቸርች ሲመለስ ጊታሩን ተሸክሞ መጣ። 18 ዓመቱ ነው፤ ባሎኮሌ በሚባሉት የዳግም ልደት አማኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በየሳምንቱ ይጫወታል፤ ጣቱ ቀልጣፋ ነው። «አንቲ፣ ዲሌይ ልትገዢ ነው አሉ፤ የእኔን ስሚ» ብሎ ብዙ ኢፌክት ያለበትን ሳጥኑን ሰካ።

አንድ ክር ነካ፤ ክፍሉ ሞላ። እኔም ደስ አለኝ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር 375 ነው። ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ያሉ የአምልኮ ጊታሪስቶች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ የእሱ ሦስት አራተኛ 375። በአራት አራተኛ ዜማ ላይ ስምንተኛ ኖታዎችን እኩል እኩል ሲመቱ ማሚቶው በኖታዎቹ መሃል እየገባ ሁለት ጊታር ያስመስላል። ዩቱዩብ ላይ የሚያስተምሩት በሙሉ ይህንኑ ነው።

ከዚያ «የእናንተን አገር ምታ አሳዪኝ» አለኝ። በጾም መዝፈን አይሆንም፤ ምቱን ብቻ አሳየሁት፤ ክሩን አፍኜ፣ ያለ ዜማ፣ ችክችካውን። በስድስት ስምንተኛ ነው። በዚሁ በ120 ፍጥነት ሲሄድ ትልቁ ምት 500 ሚሊሰከንድ ሆኖ ለሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 167፣ ሁለቱ ሲደመሩ 333። የእሱ ማሚቶ ግን በ375 ይመለሳል። ከሚገባበት ቦታ 42 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ። ለማንበብ ትንሽ ነው፤ ለጆሮ ግን እግር የሚያደናቅፍ ነው። ችክችካው መንከስ አቆመ፤ ሁለታችንም እኩል ፊታችንን አጨማደድን።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» አለ።

ምንም አልተበላሸም። ቁጥሩን ወደ 333 እንዲያወርደው ነገርኩት። ማሚቶው ሄዶ በሦስተኛው ላይ አረፈ፤ ምቱ ቀጥ አለ። ወደ 167 ስናወርደው ደግሞ እያንዳንዱ ምት ተከታዩን ስምንተኛ ራሱ ይጨምርለት ጀመር፤ ክራር በፈጣን እጅ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ ነገር ወጣ። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። እስከ ምሽት አልሄደም።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ማሚቶው በምቶች ክፍተት የሚገባበት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ካምዎክያ ያለው የኡጋንዳ ሙዚየም ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍሉን ብቻ ለማየት መሄድ ያዋጣል። የምፈልገው አማዲንዳን ነበር፤ 12 የእንጨት ምላስ ያለውን የቡጋንዳ መሣሪያ።

አማዲንዳ ለሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጡና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እኩል የሚሄድ ዜማ በኦክቴቭ ይመታሉ፤ ኦሙናዚው አንዱን፣ ኦምዋውዚው ሌላውን፣ የአንዱ ምት በሌላው ምት ክፍተት እየገባ። ሦስተኛው፣ ኦሙኮኔዚው፣ ከተጣመረው ዜማ ውስጥ ከሁለቱ ዝቅተኛ ምላሶች የሚወጣውን ብቻ ለይቶ ከላይ ባሉት ሁለት ምላሶች ላይ ይደግመዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊደርስበት የማይችል ፍጥነት ከሦስት የተረጋጉ እጆች ይወጣል። ዲሌይ በትክክለኛው ጊዜ ሲቃኝ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ሰው ሲገባ ያዳምጣል፤ ማሽኑ የሚገባው በታዘዘው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያዝዘው ሰው ምቱን ማወቅ አለበት።

ጉብኝቱን ስጨርስ ደጅ የልጆች ቡድን ባኪሲምባ የተባለውን የቡጋንዳ ጭፈራ በከበሮ ይለማመድ ነበር። ቆሜ ቆጠርኩ። ምቱ የሚከፈለው ለሦስት ነው።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ዲሌዩን አገኘሁ። ሆቴል ቤት የሚጫወት ሰው ያገለገለ ኤምኤክስአር ካርቦን ኮፒ በዋትስአፕ ለሽያጭ አውጥቶ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሦስት ማዞሪያ፣ እስከ 600 ሚሊሰከንድ። ከኮረሱ ዋጋው ይበልጣል፤ አልተቆጨሁበትም።

ዲጂታሉን ትቼ አናሎግ የመረጥኩበት ምክንያት ለቤት ስለሚጠቅም ነው። የአናሎግ ዲሌይም ሆነ የድሮዎቹ ኮረሶች ልብ፣ ሳንግስተርና ቴር የተባሉ ሁለት የፊሊፕስ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1969 የሠሩት ዓይነት ሰርኪዩት ነው። የጊታሩ ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ቅንጣት ተቆራርጦ፣ እሳት ሊያጠፉ የተሰለፉ ሰዎች ባልዲ እንደሚቀባበሉ፣ ከአንዱ ካፓሲተር ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሰልፉ ሲረዝም ወይም ቅብብሉ ሲዘገይ ማሚቶው ይዘገያል። ሲኢ-2 ኮረስ ውስጥ ያለው ቺፕ 1,024 ደረጃ አለው፤ ሥራው በሚሊሰከንዶች ስለሆነ በፍጥነት ያቀባብላል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የቦስ ዲኤም-2 ዲሌይ ግን 4,096 ደረጃ ይዞ እስከ 300 ሚሊሰከንድ መድረስ ነበረበት፤ ለዚህም ቅብብሉን በሰከንድ ወደ 6,800 ማውረድ ግድ ይለዋል። ቅብብሉ እንዲህ ሲዘገይ ከግማሹ፣ ከ3,400 ኸርዝ፣ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ አብሮ ማለፍ አይችልም። የአናሎግ ማሚቶ ጠቆር፣ ለስለስ የሚለው ለዚህ ነው። በ1983 ቦስ ዲዲ-2ን ሲያወጣ ዲጂታሉ እስከ 800 ሚሊሰከንድ ድረስ ድምፁን ከአናሎጉ ይልቅ ጥርት አድርጎ መለሰው።

መድረክ ላይ ያ ጥራት ይጠቅማል፤ ከበሮና ኪቦርድ ሰንጥቆ ይወጣል። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስጫወት ግን ጥርት ያለው ማሚቶ አሁን ከምመታው ኖታ ጋር እኩል ቆሞ ይሻማዋል። የጠቆረው ወደ ኋላ ይላል፤ የት እንዳለሁ አልስትም። ሌሊት ድምፁን በጣም ስቀንስ ጭራሽ ስለሚጠፋ ድብልቁን በትንሹ ከፍ አደርገዋለሁ፤ በሄድፎን ስሰማ ደግሞ መልሼ እቀንሳለሁ፤ የክፍሉ ግድግዳ ስለሌለ ማሚቶው ያለ ተፎካካሪ ይቀራልና።

ኮረሱን ከዲሌዩ በፊት ሰካሁት። እያንዳንዱ ማሚቶ የተወለደበትን ውዝዋዜ እንደያዘ ይመለሳል። በተቃራኒው ሲሰካ ኮረሱ ማሚቶዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ያወዛውዛቸዋል፤ ለዘገምተኛ ትዝታ ያምራል፣ ለፈጣን ምት ግን ይበዛል።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ ዘንድሮ ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ዋለ፤ ግቢው ሁሉ አብሮ ፈሰከ። ዶሮ ወጥ ለጎረቤት አካፈልኩ፤ ከእነሱ ማቶኬ መጣልኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ ጊታሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘፈን አነሳሁ።

አናሎግ ፔዳል ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን የለውም። 333ን የማገኘው እንዲህ ነው። የስልኬን ሜትሮኖም 180 ላይ አደርገዋለሁ፤ አንዱ ምት ከሌላው 333 ሚሊሰከንድ ይርቃል። ክሩን አፍኜ ከምቱ ጋር አንዴ ብቻ እመታና ማሚቶው በሚቀጥለው ምት ላይ በትክክል እስኪያርፍ ማዞሪያውን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። ሲገጥም ሜትሮኖሙ ከማሚቶው ሥር ይሰወራል፤ ሁለቱ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ያን ቦታ ጠባብ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት። ለ167 ሜትሮኖሙ 360 መሆን አለበት፤ እዚያ የማይደርስ ከሆነ በ180 ላይ ሁለተኛው ማሚቶ ከምቱ ጋር እንዲገጥም ማድረግ ይቻላል።

ዘፈን ሁሉ በ120 አይሄድም። ስሌቱ ግን አንድ ነው፤ 60,000ን ለትልቁ ምት ቁጥር አካፍሎ ሲሶውን ወይም ሁለት ሲሶውን መውሰድ። በ140 የሚሄድ ችክችካ ትልቁ ምቱ 429 ነው፤ ሁለት ሲሶው 286። ከ300 የማይበልጡ ርካሽ አናሎግ ዲሌዮች ለእንዲህ ያለው ፈጣን ዘፈን ይበቃሉ። ለአዝጋሚው ነው የሚያጥሩት።

ቅኝቱም የራሱን ይጠይቃል። ትዝታ ሜጀር ላይ ማሚቶው ሦስትና አራት ጊዜ ቢመላለስ የተከማቹት ኖታዎች ይስማማሉ፤ ብቻዬን ስጫወት ያጣሁትን ኦርጋን ይተካልኛል። አንቺሆዬ ላይ ግን ያለፈው ዶ ገና እያስተጋባ ሬ ፍላት ሲመጣ ይጋጫሉ። አንድ ማሚቶ ብቻ ትቼ ሐረጉን ስቆርጥ፣ ግጭቱ በሐረጉ መጨረሻ ብቻ ሲሰማ ያምራል፤ ያ ቅኝት መሳሳቡን ይወዳል። ካርቦን ኮፒ ላይ ማሚቶውን የምታወዛውዝ ትንሽ ቁልፍ አለች። አንቺሆዬ ስጫወት አጠፋታለሁ።

ጋሼ በስልክ አዳመጠኝ። «ኮረሱን ቀንሺ፣ ዲሌዩ ግን ጎበዝ ነው፤ አትንኪው» አለኝ። ኮረሱን ቀነስኩ። ልክ ነበር።


ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ልጁ ከቸርች በቀጥታ ወደ እኔ መጣ፤ ጊታሩን እንኳ ቤቱ አላስቀመጠም። መዘምራኑ በሉጋንዳ የሚዘምሩት አንድ መዝሙር አለ፤ ከበሮው እንደ ባኪሲምባ ለሦስት የሚከፈል። ቡድኑ እሱን መዝሙር ሲጀምር ሁልጊዜ ዲሌዩን ያጠፋው እንደነበር ነገረኝ፤ «ጊታር ያንን መዝሙር አይስማማውም» ይሉታል። ዛሬ ማሽኑን ከ375 አንስቶ የትልቁ ምት ሁለት ሲሶ ላይ አደረገው። በ120 ስለማይሄዱ ቁጥሩ 333 አልነበረም፤ የመዝሙሩን ፍጥነት በስልኩ ለክቶ ራሱ አሰላው፤ በ104፣ 385።

«ከበሮ መቺው ዞር ብሎ አየኝ» አለ።

ማሽኑ ለዚህ የሚሆን ምርጫ እንዳለውም አሳየሁት፤ ትሪፕሌት ይላል፤ ምቱን በእግር ሲመታለት ለሦስት ከፍሎ ራሱ ያገኘዋል። አንዳንዱ ፋብሪካ ሲሶውን፣ አንዳንዱ ሁለት ሲሶውን በዚህ ስም ይሰጣል፤ ስለዚህ በጆሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ያህል ሞከርነው። አሁን የሚፈልገው አምባሰልን ነው። ማክሰኞ ማታ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ያለ ፔዳል።